ከቁይ አጣና እስከ ሌዘር ርብራብ

የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ቤት ሲሠራ ከጭቃው በፊት እንጨቱን ያቆማል። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይማገራል፣ ጣራው ይዋቀራል፤ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ የሚለጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። ማገር በሌለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጭቃ አንድ ክረምት እንደማይሻገር በደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ በቁይ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም። ባህር ዛፉን ቆርጦ፣ ልጦ፣ አጣናውን የሚያቆመው ራሱ ነውና።

የሰው ገላም የሚሠራው በዚሁ ደንብ ነው። ህዋሳት እንደ ድንጋይ ካብ ዝም ብለው አይደራረቡም። በመካከላቸው በአብዛኛው ከፕሮቲን የተሸመነ ረቂቅ ማገር አለ። ህዋሱ እሱን ይዞ ይቆማል፣ በእሱ ላይ ይጓዛል፣ በእሱ ላይ ይራባል። ከባድ ቁስል ጠባሳ ጥሎ የሚድነው ይህ ማገር ፈርሶ፣ ሰውነት የቀድሞውን ቅርጽ መልሶ መማገር ሲያቅተው ነው።

ዛሬ ይህን ማገር በሌዘር የሚያትሙ ቤተ ሙከራዎች አሉ። የሚያትሙት ነገር ከፀጉር ዘለላ የቀጠነ ርብራብ ነው። በርብራቡ ላይ የሕመምተኛው ህዋሳት ይዘራሉ፣ ይበቅላሉ፣ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ርብራቡ ራሱ ሥራውን ሲጨርስ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ግድግዳው ሲደርቅ መወጣጫው እንደሚነሣ ማለት ነው።

ወሬው ወደ አማርኛ ሲደርስ ሁለት ዓይነት ሰው ይቀበለዋል። አንዱ «በቃ፣ ዓይንም ኩላሊትም ሊታተም ነው!» ብሎ ለጓደኞቹ ይልከዋል። ሌላው «ፊት መታጠቢያ ውኃ በሌለበት አገር ሌዘር ምን ሊሠራ!» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የሁለተኛው ስህተት ግን የአስተዋይ ሰው ንግግር ስለሚመስል የበለጠ ይጎዳል። ለምን እንደሚጎዳ ለማየት መጀመሪያ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ ከዚያም ከጎጃም ደጋ ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ መመልከት ያስፈልጋል።

◆ ሙጫ፣ ብርሃንና ሁለት ቁልፍ

ጥርሱን ያስሞላ ሰው ነገሩን በገዛ አፉ ውስጥ አይቶታል። ሐኪሙ ለስላሳውን መሙያ ቀዳዳው ውስጥ ያስቀምጥና ሰማያዊ መብራት ያበራበታል፤ መሙያው በሰከንዶች ውስጥ ይጠነክራል። ብርሃን ሲነካቸው የሚጠነክሩ ሙጫዎች አሉ ማለት ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ሃል በዚሁ ባሕርይ ተጠቅሞ ፈሳሽ ሙጫን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ንብርብር በንብርብር እያጠነከረ ዕቃ የሚሠራ መሣሪያ ፈለሰፈ። የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ዛሬ በየቦታው ስሙ የሚነሣው ስሪዲ ፕሪንቲንግ አንድ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ይህ ብርሃን ግን ሙጫውን የሚያጠነክረው ገና ፊቱን ሲነካው ነው። ከላይ ያለውን ሳይነካ ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ መካከል ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ብቻ ማጠንከር አይሆንለትም። ለህዋስ የሚሆን በጣም ረቂቅ ማገር ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

መፍትሔው ሌዘር ከመፈጠሩ በፊት በወረቀት ላይ ተቀምጦ ነበር። ማሪያ ጎፐርት ማየር የተባለች ወጣት የፊዚክስ ሊቅ በጀርመን ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የሠራችው የዶክትሬት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1931 ታተመ። አንድ አተም ሁለት የብርሃን ቅንጣቶችን በአንድ ቅጽበት ሊውጥ እንደሚችል በስሌት አሳየች። በጊዜው ይህን በሙከራ ለማየት የሚበቃ ብርሃን አልነበረም። ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1960 ተሠራ፤ በዓመቱ ስሌቷ ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ። 30 ዓመት ሰው ሲጠብቅ የቆየ ስሌት ነው። እሷም በሌላ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ1963 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመች።

ነገሩ እንደ ሙዳየ ምጽዋት ቁልፍ ነው። ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ ካለውና ቁልፎቹ በሁለት ሰዎች እጅ ከተቀመጡ፣ አንዱ ብቻውን ቢመጣ አይከፈትም። ሁለቱ እኩል መገኘት አለባቸው። ሰው በተበታተነበት ሜዳ ሁለቱ የመገጣጠማቸው ዕድል ትንሽ ነው፤ እንደ ጥምቀት ሕዝብ በተጨናነቀበት ቦታ ግን ትከሻ ለትከሻ ይገናኛሉ። የሌዘሩም ብርሃን በሌንስ ተሰብስቦ በሚጠብባት ነጥብ ላይ ቅንጣቶቹ ይጨናነቃሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ሙጫውን የሚያጠነክሩት እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ከነጥቧ በላይና በታች ያለው ሙጫ ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል። ብርሃኑ ይበልጥ እንዲጨናነቅ ሌዘሩ የሚረጨው በጣም አጭር በሆኑ ብልጭታዎች ነው። የአንዱ ብልጭታ ዕድሜ በፌምቶሰከንድ ይቆጠራል፤ አንድ ፌምቶሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 በጃፓን የኦሳካ ዩኒቨርሲቲው ሳቶሺ ካዋታና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ የቀረጹትን አንድ ወይፈን ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳዩ። ርዝመቱ 10 ማይክሮሜትር፣ ቁመቱ 7 ማይክሮሜትር ነበር። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ወይፈኑ የቀይ የደም ህዋስ ያህል ነበር፤ በአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ላይ ሰባት ስምንቱን በሰልፍ ማቆም ይቻላል። ከዚያ ወዲህ በጀርመን ካርልስሩኸና በኦስትሪያ ቪየና መሣሪያውን ሠርተው የሚሸጡ ኩባንያዎች ተቋቁመዋል።

◆ ህዋስ ቤቱን ያውቃል

ይህን ያህል መቅጠኑ ለምን ይጠቅማል? ህዋስ የቆመበትን መሬት ስለሚያውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አዳም ኢንግለርና ዴኒስ ዲሸር በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት ብዙ ሰው አስገርሟል። አንድ ዓይነት ግንደ ህዋሳትን በተለያየ ልስላሴ ላይ ዘሩ። እንደ አንጎል በለሰለሰው ላይ የተዘሩት የነርቭ ህዋስ ጠባይ አሳዩ፤ እንደ ጡንቻ መካከለኛ በሆነው ላይ የጡንቻ፤ ጠጠር ባለው ላይ የአጥንት። ዘሩ አንድ ነው፤ መሬቱ ግን አብሮ ይወስናል። ጤፍ በመረሬና በቀይ አፈር ላይ እኩል እንደማይሆን የሚያውቅ ገበሬ በዚህ አይደነቅም።

ስለዚህ ርብራቡ ድጋፍ ብቻ ሆኖ አያበቃም፤ ለህዋሱ ትእዛዝም ነው። የቀዳዳው ስፋት፣ የማገሩ ጥንካሬ፣ የግድግዳው ጠመዝማዛነት ህዋሱ ምን እንደሚሆን ይነግረዋል። ሌዘር የተፈለገውም ይህን ትእዛዝ በህዋስ መጠን መጻፍ ስለሚችል ነው።

እዚህ ላይ ግን የመጀመሪያውን ሰው፣ «ኩላሊት ሊታተም ነው» ባዩን፣ ቆም ማድረግ ይገባል። ቀላል ስሌት እንሆ። አንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር፣ ማለትም የአሸዋ ቅንጣት የሚያህል ነገር፣ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ማይክሮሜትር ሆና ቢታተም 1 ቢሊዮን ነጥብ ይፈልጋል። መሣሪያው በሰከንድ 100,000 ነጥብ ቢያትም ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ነጥቧ በአሥር እጥፍ ብትቀጥን ሥራው በአንድ ሺህ እጥፍ ይበዛል፤ ያው የአሸዋ ቅንጣት ከ110 ቀን በላይ ይፈጃል። ፍጥነትን የሚጨምሩ ዘዴዎች አሉ፤ ይሁንና በቀጭን ብዕር ትልቅ ሜዳ መቀባት እንደሆነ ይቀራል። ሁለተኛው እንቅፋት ደም ነው። ህዋስ ከደም ስር ከ0.2 ሚሊሜትር ገደማ በላይ ርቆ ብዙ አይኖርም፤ ኦክስጅን አይደርሰውም። ወፍራም አካል ለማተም ደም ስሩንም አብሮ መዘርጋት የግድ ነው። ሦስተኛው፣ ሙጫው በብርሃን እንዲጠነክር የሚጨመረው ኬሚካል ራሱ ህዋስን ሊመርዝ ይችላል። ኩላሊት ሩቅ ነው።

ከአካል ክፍሎች ሁሉ አንዱ ግን ከእነዚህ እንቅፋቶች ብዙውን ያመልጣል። የዓይን ብሌን ጤነኛ ሲሆን ደም ስር የለውም። ውፍረቱም መካከሉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የሌዘር ርብራብ ለዓይን ቀርቧል። ዓይን ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ የጎጃም ጉዳይ ይሆናል።

◆ ወረንጦና ጠባሳ

አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በሽታው ከዓይን ወደ ዓይን በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ልጅን ደጋግሞ ይይዛል፤ የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠብሳል፤ ጠባሳው እየተኮማተረ በጉልምስና ዕድሜ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል። ከዚያ በኋላ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቃል። በየቤቱ ያለው መድኃኒት ወረንጦ ነው፤ ፀጉሩን መንቀል። ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። ልጅ ሲያቅፉና ሲያጥቡ የሚውሉት ሴቶች ናቸውና የሚበዛውን መከራ የሚሸከሙትም እነሱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አገኘ። ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ነው፤ ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። 11.5 በመቶው ትራኮማ ባመጣው የብሌን ጠባሳ፣ 7.8 በመቶው ደግሞ በሌላ የብሌን ጠባሳ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከአምስቱ ዓይነ ስውር የአንዱ ያህል ይሆናሉ። «ሌላ» የተባለው ውስጥ እሾህ የወጋው፣ እንጨት ሲፈለጥ ፍላጭ የመታው፣ ኖራ ወይም ሌላ ኬሚካል ያቃጠለው ዓይን ሊኖር ይችላል። የቁይና የአካባቢዋ ሰው ከእነዚህ ሁሉ ጋር ይኖራል።

ለጠባሳ ብሌን የታወቀው ሕክምና ከሞተ ሰው የተለገሰ ብሌን መተካት ነው። አዲስ አበባ ላይ የዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ዛሬ አገልግሎቱ በኢትዮጵያ ደምና ህብረ ህዋስ ባንክ ሥር ነው። ብዙ ሰው ብርሃን አግኝቶበታል። ለጋሽ ግን በየትም አገር አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት 70 ሰው ብሌን ሲፈልግ የሚገኘው አንድ መሆኑን አስልቷል። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ብሌን ቢገኝ እንኳ ሌላ ችግር አለ። የዓይን ነጩና ብሌኑ በሚገናኙበት ክብ ጠርዝ ላይ፣ በጥቃቅን ጎድጓዳ ስፍራዎች ውስጥ የሚኖሩ ግንደ ህዋሳት አሉ። የብሌኑን ፊት በየጊዜው የሚያድሱት እነሱ ናቸው። ኬሚካል ወይም የቆየ በሽታ ጠርዙን ካጠፋው፣ በላዩ የተተከለው አዲስ ብሌን ጠባቂ እንደሌለው ማሳ ይሆናል፤ ደም ስርና ነጭ ሽፋን ይወርሰዋል።

የሌዘሩ ርብራብ የሚገባው እዚህች ጠርዝ ላይ ነው። በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሺላ ማክኒል፣ ፍሬዴሪክ ክሌይሰንስና ኢሊዳ ኦርቴጋ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሟቸው ሥራዎች የጠርዙን ጎድጓዳ ቤቶች አስመስለው በብርሃን የተሠራ ቀለበት አሳይተዋል። ህዋሳቱ በቀለበቱ ኪሶች ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ወደ ብሌኑ ይጓዛሉ። የተሞከረው በቤተ ሙከራ፣ በጥንቸል ብሌን ላይ ነበር። መንገዱ አላለቀም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። የሕመምተኛው የገዛ ህዋስ ጥቂቱ ተወስዶ በታተመ ቤት ውስጥ ከተባዛ፣ የሟች ለጋሽ ጥበቃው ይቀንሳል።

◆ ሃይደራባድ ምን ነበራት?

የሼፊልድ ሰዎች ይህን ሥራ ሲሠሩ አጋራቸው ማን ነበር? በደቡብ ሕንድ ሃይደራባድ የሚገኘው የኤል ቪ ፕራሳድ የዓይን ተቋም ነው። ተቋሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን ድሀውን በነፃ በማከም ይታወቃል። የጨዋታው ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ሃይደራባድ ወደዚህ ምርምር የገባችው ሌዘር ስለ ገዛች አልነበረም። ብዙ ሕመምተኛ ነበራት፣ የሚሠራ የዓይን ባንክ ነበራት፣ ያከመችውን ሰው ከዓመታት በኋላ ፈልጋ ውጤቱን የምትመዘግብ ነበረች። እንግሊዙ ያለ እሷ ቀለበቱ ለማን እንደሚሆን እንኳ በውል አያውቅም።

ከዚያው ተቋም የወጣ ሌላ ሥራ የበለጠ ያስተምራል። ቪሬንደር ሳንግዋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያስተዋወቁት ቀዶ ሕክምና የህዋስ ማራቢያ ቤተ ሙከራን ጨርሶ አያስፈልገውም። ከጤነኛው ዓይን ጠርዝ ሁለት ሚሊሜትር የምታህል ቅንጣት ትወሰዳለች፤ ተከታትፋ በታመመው ዓይን ላይ ትበተናለች። የምትበተንበት ርብራብ ምንድን ነው? የእንግዴ ልጅ ስስ ሽፋን። ሴት ስትወልድ ተጥሎ የሚቀበረው። ተፈጥሮ ያተመችው ርብራብ በየማዋለጃው አለ፤ ከጤነኛ እናት በፈቃዷ ተወስዶ፣ ተመርምሮ፣ ጸድቶ መቀመጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

«ይህ ሕንድ ነው፤ እዚህ አይሆንም» የሚል ሰው የራሱን አገር ሥራ አልሰማም። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የታተመውና ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እስማኤል ሀብታሙ የመሩት ሙከራ 1,000 የአማራ ክልል ሕመምተኞችን ይዟል። የተቀለበሰ ሽፋሽፍትን ለማቃናት ከሚሠሩት ሁለት የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች የትኛው ይሻላል የሚለው ነበር ጥያቄው። በአንዱ ሽፋሽፍቱ በዓመት ውስጥ ተመልሶ የተቀለበሰው ከ100 ሕመምተኞች በ13ቱ፣ በሌላው በ22ቱ ላይ ሆኖ ተገኘ። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ የዓለም ሐኪሞች ተምረውበታል። በምሥራቅ ጎጃምም 696 የፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ የእግር ዝሆኔ የሚባለው በሽታ ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ፣ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ የበሽታውን ትኩሳት እንደሚቀንስ በ2018 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስረድቷል። የጎጃም ገበሬ ቀጠሮውን ጠብቆ መጥቶ፣ ተመዝግቦ፣ ተመዝኖ ዓለም የሚጠቀምበትን እውቀት ሰጥቷል። መስጠት የሚችል ሰው እንደሆነ ከተረጋገጠ ቆይቷል።

◆ «ሳሙና ይቅደም»

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው። ክርክሩ ቀላል አይደለምና በቅንነት መመለስ አለበት። ትራኮማን የሚያጠፋው ሌዘር አይደለም። ፊት መታጠብ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ሽንት ቤት፣ በየዓመቱ የሚታደለው ዚትሮማክስና የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና ነው። ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 እ.ኤ.አ. ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ ማብቃቱን የዓለም ጤና ድርጅት መስክሮላቸዋል፤ ሁለቱም በዚሁ መንገድ ነው የደረሱት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግጭት በከበደበት በአማራ ክልል ደግሞ መድኃኒቱን ቀበሌ ማድረስ ራሱ ፈተና ሆኗል። መንገድ ሲዘጋ ዘመቻ ይቋረጣል፤ ዘመቻ ሲቋረጥ በሽታው ይመለሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ክርክሩ አንድ ሰው ይረሳል። ጠባሳው ብሌኗ ላይ የወጣባትን እናት። ለእሷ ሳሙና ዘግይቷል። ሳሙናው ለልጅ ልጇ ነው፤ እንኳንም ደረሰላት። ለአያቲቱስ? «ሳሙና ይቅደም» የሚለው ሰው መልስ ዝምታ ነው። ቢጠየቅ «ምን ይደረግ፣ አርጅተዋል» ይላል። ሰው በ50 ዓመቱ ማየት ማቆሙን እንደ ክረምት መግባት የሚቆጥር ልማድ ነው ይህ። በአውሮፓ ህብረት ለተቃጠለ ብሌን ከገዛ ጠርዝ ህዋስ የሚራባ ሕክምና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈቅዷል። እዚያ ያለው ሰው «ሳሙና ይቅደም» አልተባለም።

ደግሞም ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ዓይን ላይ ተከታትለው የሚመጡ ናቸው። ሽፋሽፍቱ ሳይቃና የተተከለ ርብራብ፣ የታተመም ሆነ የተለገሰ፣ በፀጉር ተፍቆ ያልቃል። የደረቀና የቆሰለ ዓይንም አዲስ ህዋስ አያሳድርም። ስለዚህ ትራኮማን የሚያጠፋው ዘመቻ ለሌዘሩ መሬት የሚያለሰልስ እርሻ ነው። ገበሬ ሳያርስ አይዘራም፤ ግን አርሼ ልጨርስ ብሎ ዘሩን መፈለግ አይተውም። ዘሩ የሚገኘው ቀድሞ ለፈለገ ነው።

◆ ምን ይደረግ?

መሣሪያውን መግዛት መጀመሪያ መሆን የለበትም። ዋጋው በመቶ ሺዎች ዩሮ ይቆጠራል፤ መብራት በሚቆራረጥበት፣ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚጠበቅበት ቦታ በሸራ ተሸፍኖ አቧራ ይጠጣል። በየዩኒቨርሲቲው እንዲህ ተሸፍኖ የሚቀመጥ ዕቃ ለማንም አዲስ ወሬ አይደለም። ከመሣሪያው በፊት የሚመጡ፣ በእጅ ያሉ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ መዝገብ። የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና ሲሠራ የብሌኑ ሁኔታ አብሮ ይመዝገብ፤ ጠባሳው የት ነው፣ ጠርዙ ድኗል ወይ፣ ሌላው ዓይን ጤነኛ ነው ወይ። ለብሌን ሕክምና የሚሆነው ሰው የት ቀበሌ እንዳለ የማያውቅ አገር፣ ሕክምናው በነፃ ቢመጣለት እንኳ ማንን እንደሚጠራ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ የህብረ ህዋስ ባንኩ ከአዲስ አበባ ይውጣ። ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ደብረ ማርቆስ ላይ የሚያዋልዱ ሆስፒታሎች አሉ፤ የሕክምና ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። የእንግዴ ልጅን ሽፋን መሰብሰብ፣ መመርመርና ማስቀመጥ ሌዘር አይጠይቅም። ብሌን ልገሳንም ሕዝቡ በሚያከብራቸው አባቶች አንደበት ማስረዳት ያስፈልጋል። ሰው ዘመዱን ጎድሎ ለመቅበር ይፈራል። የሚወሰደው ስስ ብሌን እንደሆነና ፊቱ እንደማይበላሽ የሚነግረው ያጣ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም።

ሦስተኛ፣ አንድ ንጹሕ የህዋስ ማራቢያ ክፍል፣ በጋራ። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የየራሱን ከሚጀምርና ሁሉም በግማሽ ከሚያቆሙት፣ አንዱ ቤት ሆኖ ሌሎቹ የሚጠቀሙበት ይሁን። የፊዚክስ ተማሪ ስለ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች፣ የኬሚስትሪው ስለ ሙጫው፣ የሕክምናው ስለ ጠርዙ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያወሩበት ልማድ ከዚህ ይጀምራል። የጎፐርት ማየር ስሌት የወጣው ከወረቀትና ከእርሳስ ነው፤ ወረቀትና እርሳስ ደብረ ማርቆስም አለ።

አራተኛ፣ ውል። የውጭ ቡድን የጎጃምን ሕመምተኛ፣ ቅንጣት ህዋስ ወይም መዝገብ ሲፈልግ፣ ውጤቱ ሲገኝ ሕክምናው በምን ዋጋ ለዚያው ሰው እንደሚደርስ ቀድሞ ይጻፍ። ተመራማሪውም በስሙ ይጻፍ። «ተባበሩን» ተብሎ ደም የሰጠ ገበሬ መድኃኒቱን በመጽሔት ፎቶ ብቻ ማየት የለበትም። ይህን ለመጠየቅ የሚቻለው ደግሞ መዝገቡና ባንኩ በእጅ ሲኖር ነው፤ ባዶ እጁን ገበያ የወጣ ሰው ዋጋ አይከራከርም።

ከአራቱ አንዱም ሀብታም አገር መሆንን አይጠይቅም። ሁሉም ግን አንድ ውሳኔ ይጠይቃሉ፤ በጠባሳ የታወረን ሰው የማይመለስ ነገር አድርጎ መቁጠርን መተው። ሌዘሩ በካርልስሩኸ ወይም በኦሳካ ይሠራ፤ ቀለበቱ በሼፊልድ ይታተም። ቀለበቱ ለየትኛው ዓይን እንዲሆን እንደሚለካ ግን የሚወሰነው ጠረጴዛው ላይ ማን እንደተቀመጠ ነው። ሕንድ ሕመምተኞቿን በመዝገብ ይዛ ገባች። የደባይ ጥላትግን እናት መዝገብ ላይ ስሟ ከሌለ ልኳ አይወሰድም፤ ልኳ ያልተወሰደ ሰው ደግሞ ልብሱ ቢሰፋም አይሆነውም።